ዓይንዎን ጨፍነው ጭረቱን ያሳዩኝ

ሱቄን ያዘጋኝ የአንዲት መምህርት ቦርሳ ነው። ቡናማ የበግ ቆዳ ቦርሳ ነበር፤ ክዳኑን ሚስማር ጭሮታል። እንደ ወትሮዬ አጸዳሁት፣ ጭረቱን ሞላሁት፣ ቀለም በጥብጬ ቀባሁት፣ ደጃፍ አውጥቼ በፀሐይ አየሁት። ጭረቱ የለም። መምህርቷ ተቀብላኝ፣ አመስግናኝ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ግን ተመልሳ መጣችና ቦርሳውን ከፊቴ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ጋሼ ደምሴ፣ አይክፋዎትና ቀይ ሆኗል እኮ» አለችኝ።

«የቱ ጋ ነው ቀይ የሆነው?»

አንዴ ቦርሳውን፣ አንዴ ዓይኔን አየች፤ ያዘነችልኝ መሰለኝ። ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን ጠርቼ ባሳየው «ይሄማ በርበሬ ነው» ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው ነገሩ ገባውና ሳቁን ዋጠው። ሐኪም ዘንድ ስሄድ የዓይን ሞራ ነው፣ ደሴ ሄደህ አስገፍፈው አሉኝ። ይገፈፍ ይሆናል፤ ቡናማን ከቡናማ መለየት እንደ ድሮው ይመለስልኝ እንደሆነ ግን ማንም አልነገረኝም። ቀለም የማይለይ ቆዳ አዳሽ ምን ሊሠራ ይቀመጣል? ጡረታ የሚያወጣኝ መሥሪያ ቤት ስለሌለኝ ራሴን በራሴ ጡረታ አወጣሁ።

የመካነ ሰላም ነጋዴዎች ደግ ናቸው። ወፍጮ ቤቱ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ደርድረው ሸኙኝ፣ ጋቢም አለበሱኝ። አንደበቱ የሚቀናው ልብስ ሰፊው ተነሣና «ደምሴ ማለት የሰው ሀቅ የማይነካ ሰው ነው። ዓይንዎን ጨፍነው ጭረቱን ያሳዩኝ ሳይል የማንንም ዕቃ ነክቶ አያውቅም። የሱቁ የድሮ ስም የጸዳው በእሱ ጊዜ ነው» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ጋቢውን ወደ ትከሻዬ ሰብስቤ አመሰገንኩ።

የድሮ ስም ያለው የጋሽ ይመርን ስም ነው። «ዓይንዎን ጨፍነው» የሚለውም ቃል የእኔ ሳይሆን የእሳቸው ነው። ያን ቀን ግን ይህን አልተናገርኩም፤ ሥራ በያዝኩበት ሠላሳ ዓመት ያህልም አልተናገርኩም።

ጋሽ ይመር ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። አባታቸውም አያታቸውም ቆዳ ፋቂ ነበሩ። ይህ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለማያውቅ ልንገረው፦ ሰው ጫማውን ይሰጣቸዋል፣ ኮርቻውን ይሰጣቸዋል፣ እጃቸው የነካውን ምግብ ግን አይበላም። ዓይናቸው እንዳይበላው ብሎ ልጁን ከፊታቸው ያሸሻል። ድግስ ቢጠሩ እንኳ ለብቻቸው ነው የሚቀመጡት። እኔ ደግሞ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ «የጨዋ ልጅ» ከሚባሉት። ትምህርቱ አልሆን ሲለኝ፣ መሬቱም ለወንድሞቼ ሳይበቃ ሲቀር፣ ከእሳቸው ዘንድ ገባሁ። አባቴ ይህን ሲሰማ «ከፋቂ ቤት የበላ ከእኔ ቤት አይበላም» አለ። ያለውንም አደረገው፤ ሁለት ዓመት በአባቴ ቤት ውኃ አልቀመስኩም።

ጋሽ ይመር ብዙ አይናገሩም። ቆዳ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ያሸቱታል። ቀጥለው ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ከማይታይ ቦታ ያርሱታል። ምራቁን የጠጣ ቆዳ ነው፤ ያልጠጣው ወይ ላስቲክ ነው ወይ ከላይ የተለበጠ ነው። ላይ ላዩን የተጫረውን በአውራ ጣታቸው ብቻ ነው የሚያሹት፤ በጣት ሙቀት ቆዳው ውስጥ ያለው ቅባት ይወጣና ቀጭኑ ጭረት ራሱ ይዘጋል። ጠልቆ የገባውን ግን እንደ ቁስል ያክሙታል። ያጸዱታል፣ የተነሣውን ጠርዝ በሞቀ ማንኪያ ጀርባ ያስተኙታል፣ ከዚያው ዕቃ ከስውር ቦታ በምላጭ የፋቁትን ብናኝ ከሰም ጋር አቅልጠው ይሞሉታል። የሌላ ቆዳ ብናኝ ቀለም እኩል አይጠጣም ይሉ ነበር። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሱና ቀለሙን ስስ ስስ አድርገው አራት አምስት ጊዜ ይቀቡታል። በመጨረሻ ደጃፍ ይወጣሉ፤ ሱቅ ውስጥ አንድ የሚመስል ቀለም ፀሐይ ላይ ሲወጣ ሁለት ሆኖ ሊገኝ ይችላልና።

ይህን ሁሉ ወድጄ ተማርኩ። አንድ ልማዳቸው ብቻ ያሳፍረኝ ነበር። ማንም ዕቃ ይዞ ቢመጣ፣ ከመቀበላቸው በፊት «ዓይንዎን ጨፍነው ጭረቱን ያሳዩኝ» ይሉታል። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይቆጣል፤ ብቻ ጨፍኖ ይዳብሳል። አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ጭረቱ ፊት ለፊት እየታየ ሰውን ለምን ያስቸግሩታል?»

«ለእኔማ ይታየኛል። ባለቤቱ የራሱን ዕቃ ጭረት እየዳበሰ ነው የኖረው፤ ጣቱ አይስትም። የሰው ዕቃ የያዘ ጣቱ ይንከራተታል።»

«ቢንከራተትስ?»

«ዕቃውን እመልስለታለሁ። የሰው ሀቅ በእጄ አላጠፋም።»

አንድ የገበያ ቀን ጋሽ ይመር ለቀብር ገጠር ወጡ። እሳቸው በሌሉበት አንድ የከብት ነጋዴ የበቅሎ ኮርቻ አሸክሞ መጣ። ሰው ከመቀመጫው የሚነሣለት ባለጸጋ ነበር። ኮርቻው ጥሩ ሥራ ነው፤ በግራ ጎኑ፣ ከእርካቡ ማንጠልጠያ በላይ፣ ከመካከለኛ ጣት የሚረዝም ጭረት አለበት፤ ጫፉ እንደ ባላ ለሁለት ይከፈላል።

«ሽማግሌው የለም?» አለኝ።

«ቀብር ሄደዋል።»

«ይሻላል። አንተ የጨዋ ልጅ ነህ፤ እኔም ያንተን እጅ ነው የፈለግሁት። አዲስ አስመስልልኝ።»

ይቺ ቃል ሆዴ ገባች። ሁለት ዓመት ሙሉ የጨዋ ልጅ ያለኝ አልነበረም። «ዓይንዎን ጨፍነው» ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው በገበያ መሃል ዓይኑን ጨፍኖ ዕቃ ደባብስ ይባላል እንዴ ብዬ መልሼ ዘጋሁት። ኮርቻውን ተቀብዬ ከጠዋት እስከ ማታ ደከምኩበት። ብናኙን ከኮርቻው ሆድ ፋቅሁ፣ ሰሙን ሁለት ጊዜ ሞላሁ፣ ቀለሙን ስድስት ጊዜ ቀባሁ። ነጋዴው ሲመጣ ጭረቱ የነበረበትን ቦታ ፈልጎ አጣው። እውነቱን ልናገርና፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ጋሽ ይመር ሲመለሱ ነገርኳቸው። «አሳየህ?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። በዚህች አንዲት ቃል ዋሸሁ።

ሳምንትም ሳይሞላ እትዬ ዘርፌ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ከከላላ በኩል መጡ። ዳማ በቅሏቸው ከነኮርቻዋ ተሰርቃባቸው ኖሮ፣ በእኛ ገበያ በነጋዴው እጅ አገኟት። ነጋዴው ከሩቅ አገር ገዝቼ ነው አለ። ሽማግሌዎች ወፍጮ ቤቱ ግቢ ተቀመጡ፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከበበ። እኔም ነበርኩ። ጋሽ ይመር እንደ ልማዳቸው ከሰው ርቀው ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል።

«ዳማ በቅሎ ብዙ ነው፤ ያንቺ መሆኗን በምን እንወቅ?» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«በኮርቻው» አሉ እትዬ ዘርፌ። «ባለቤቴ ታሞ ወደ ሐኪም ስንወስደው ከገደሉ ጥግ ድንጋይ ጭሮታል። በዚያው ነው የቀረብኝ። ጭረቱን እጄ ያውቀዋል።»

ማንም ሳይጠይቃቸው ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ኮርቻው ላይ አሳረፉ። ጣታቸው እኔ የሞላሁት ቦታ ላይ ሄዶ ቆመ። ለስላሳ ሆነባቸው። ወደ ላይ ዳበሱ፣ ወደ ታች ዳበሱ፣ እንደገና እዚያው ተመለሱ። «እዚህ ነበር» አሉ። ሦስት ጊዜ «እዚህ ነበር» አሉ። ሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለው አይተው ምንም አላገኙም። አንደኛው አዝኖ «ምልክት የለውም እኮ፣ እመቤት። በሰው ላይ በሐሰት እንዳትናገሪ» አላቸው።

ያን ጊዜ ጋሽ ይመር ከግድግዳው ሥር ተነሡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው፤ ልብሳቸው እንዳይነካው ነው። ከእትዬ ዘርፌ ጣት አጠገብ የራሳቸውን ጣት አሳርፈው ትንሽ ቆዩና «የፈላ ውኃ አምጡልኝ» አሉ። ከሻይ ቤቱ መጣላቸው። በቀስታ አፈሰሱበት። ቀለሙ ተሰነጠቀ፣ ሰሙ ቀለጠ፣ እሳቸውም በአውራ ጣታቸው ገፉት። ጭረቱ ከነባላው ወጣ።

«የኮርቻው ባለቤት እሷ ናት» አሉ።

ግቢው በጫጫታ ተሞላ። ጋብ ሲል አንዱ ሽማግሌ «ይመር፣ ይህን የሸሸገው ማነው?» ብሎ ጠየቃቸው። ጋሽ ይመር እኔን አዩኝ። ብዙ አልቆዩም፤ አንድ ሰው የተጠራ ሰውን የሚጠብቀውን ያህል ብቻ ነው። ከፋሲካ በኋላ ሠርጌ ነበር። አባቴ ገና መታረቁ ነበር፤ እዚያው ሰው መሃል ቆሟል። ጫማዬን አየሁ። ጫማዬ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ስፌት ዛሬም አስታውሳለሁ።

«ከእኔ ቤት የወጣ ሥራ የእኔ ነው» አሉ ጋሽ ይመር።

ነጋዴው የሠራሁት እኔ መሆኔን ያውቃል። ግን ጥፋቱን ከጨዋ ልጅ ጋር ከሚካፈል ከፋቂ ጋር መካፈል ቀለለው፤ «አዎ፣ እሱ ነው፤ እኔ ተራ ጭረት መስሎኝ ነው የሰጠሁት» አለ። ከሰው መሃል «ፋቂ ድሮስ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ድምፁ የአባቴ ይሁን የሌላ ሰው እስካሁን አላወቅሁም፤ ልጠይቀውም አልደፈርኩም።

እትዬ ዘርፌ በቅሏቸውን ይዘው ሄዱ። ነጋዴው ካሣ ከፍሎ ታረቀ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ሰው እንደገና ይነሣለት ጀመር። ወደ ጋሽ ይመር ግን ዕቃ የሚያመጣ ጠፋ። ለሌባ ምልክት አጥፊ ተባሉ። ከወር በኋላ ጓዛቸውን በጭነት መኪና ጭነው ወደ አጅባር ሄዱ። ሲሄዱ የሱቁን ቁልፍና ያቺን የጭረት ጠርዝ የሚያስተኙባትን ማንኪያ ሰጡኝ።

«ጋሼ፣ እኔ…» አልኩ።

«አብሽር» አሉኝ። «ገና ወጣት ነህ፤ ጊዜ አለህ።»

ለሥራው ነው የሚሉኝ አልኩ። እንደዚያ አድርጌ ብተረጉመው ተመቸኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ሁሉ የእኔ ሆነ። ሱቁ ውስጥ የጨዋ ልጅ ስለተቀመጠ ሰው ያለ ፍርሃት ገባ። የመምህራን ጫማ፣ የቄሶች የዳዊት ማኅደር፣ ልጆቻቸው ከዓረብ አገር በላኩላቸው የተገዛ ሶፋ፣ ሁሉም በእጄ አልፏል። የአንድ መሥሪያ ቤት የኃላፊ ወንበርም ነበር፤ ሹም በተለወጠ ቁጥር ይመጣልኝ ነበር። አዲሱ ሹም ያለፈው ሰው ቀለበት የጫረውን ክንድ ማስደገፊያ አጥፋልኝ ይላል፤ ዓመት ሳይሞላ የእሱን ጭረት የሚያስጠፋ ሌላ ይመጣል። ክፍያው በደብዳቤ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ ከሹሙ ይዘገይ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ቆዳውም ጠፋ። ቆዳ ነው ተብሎ የሚሸጠው ጨርቅ ላይ የተለጠፈ ላስቲክ ነው፤ ሲጫር አይቆስልም፣ እንደ ቅርፊት ይላጣል። ምራቅ አስነክቼ «ይሄ ቆዳ አይደለም» ስለው የሚሰድበኝ ሰው በዛ።

ያን ልማድ ግን አንድም ቀን አልዘለልኩም። ሹሙንም አስጨፍኛለሁ፣ ቄሱንም አስጨፍኛለሁ። ከተማው ልማዱን በእኔ ስም ጠራው። እኔም የማን እንደሆነ ተናግሬ አላስተካከልኩም።

አንዴ ለቆዳ ግዢ አጅባር ሄጄ ጋሽ ይመርን አየኋቸው። መኪና መቆሚያው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው የላስቲክ ጫማ ይሰፋሉ። በዚያ እጅ የላስቲክ ጫማ! ቀና ሳይሉ በሌላ መንገድ ዞርኩ። ሦስት ዓመት ቆይቶ መሞታቸውን ሰማሁ። ቀብራቸውም ላይ አልነበርኩም።

ጋቢ በለበስኩ በሳምንቱ ከላላ ሄድኩ። እስከሚደርስበት በሚኒባስ፣ የቀረውን በእግሬ። እትዬ ዘርፌ አርጅተዋል፤ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ማንነቴን ነገርኳቸው።

«እትዬ፣ ኮርቻዎትን የሞላሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ይመር አይደሉም።»

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«በምን አወቁ?» አልኳቸው።

«ይመር በዚያው ሳምንት እዚህ ድረስ በእግሩ መጥቶ ነግሮኛል። ልጁ ነው የሠራው፤ ራሱ መጥቶ ይነግርሻል፤ እስኪመጣ ድረስ በአፍሽ አታንሺው አለኝ። ቃል ገባሁለት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጠበቅኩህ።»

ልጃቸውን ጠርተው ኮርቻውን ከጓዳ አስወጡት። ቆዳው ደርቋል። ከፊቴ አስቀምጠው «በል ዓይንህን ጨፍን» አሉኝ። ጨፈንኩ። ጣቴ አልተንከራተተም፤ አንዴ ሄዶ ጭረቱ ላይ አረፈ፣ ጫፉ ላይ ባላውን አገኘ። ማልቀስ ከጀመርኩ በኋላ ነው ዓይኔን የገለጥኩት።

«አፉ ይበሉኝ» አልኳቸው።

«እኔ አፉ ብያለሁ፤ በቅሎዬን አግኝቻለሁ። ይመርን ግን የት ታገኘዋለህ? ይልቅ የተሰደበበት ቦታ ሄደህ ተናገር።»

ተመልሼ በገበያ ቀን ወፍጮ ቤቱ ግቢ ገባሁ። የሸኙኝ ሰዎች ሁሉ ነበሩ። ቆሜ ተናገርኩ፤ ነጋዴው ያለኝን፣ ያላልኩትን፣ ለጋሽ ይመር የዋሸሁትን፣ ጫማዬን ማየቴን፣ አንዱንም አላስቀረሁም። ጋቢውንም አውልቄ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩ። ስጨርስ ልብስ ሰፊው ተነሣ፤ ዓይኑ እንባ አቅሯል።

«አያችሁት ይሄን ሰው?» አለ። «የሞተ አስተማሪውን ስም ለማዳን ብሎ ጥፋቱን ሊሸከምለት!»

«ኧረ አይደለም። እውነቴን ነው፣ የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «እትዬ ዘርፌን ጠይቁ።»

«ይገባናል ጋሼ፣ ይገባናል» አሉኝ ከዚህም ከዚያም። በማልኩ ቁጥር በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከላላ ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ ማን አለ? ጋሽ ይመር የፈላ ውኃ አስመጥተው የእኔን ውሸት በሰው ሁሉ ፊት አወጡት፤ እኔ ግን እውነቴን የማወጣበት ነገር በእጄ የለም።

«የጨዋ ልጅ እንዲህ ነው» አለ አንድ ሽማግሌ። ጋቢውን ከአግዳሚው አንሥተው መልሰው ትከሻዬ ላይ ጣሉት።

በአፌ የተናገርኩትን ስላላመኑኝ ጻፍኩት። ኮርቻውን የሞላሁት እኔ ደምሴ ነኝ። ውኃውን አፍስሰው ጭረቱን ያወጡት፣ «ዓይንዎን ጨፍነው» የሚለውን ያስተማሩኝ፣ ከዚህ ከተማ ለሌባ ምልክት አጥፊ ተብለው የወጡት ጋሽ ይመር ናቸው።